ደረሰብኝ፣ ደረሰልኝ፦ በመንደር 8 እና በገዳሪፍ ድንበር የገጠር ሴቶች የሕይወት ታሪክና የመረዳዳት ቃላት

በአማርኛ የመከራና የረድኤት ወሬ በአንድ ግስ ይነገራል። «መከራ ደረሰብኝ» ይባላል፤ «ሰው ደረሰልኝ» ይባላል። የሚለያቸው ከግሱ ጫፍ የገባችው አንዲት ተነባቢ ናት፤ በመጀመሪያው ብ፣ በሁለተኛው ል። የሰዋስው መጽሐፍ ይህን በጥቂት ገጾች ገልጾ ያልፋል። የገጠር ሴቶችን የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ለሚያደምጥ ግን የታሪኩ አጥንት ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ምን እንደ ደረሰባት በብ፣ ማን እንደ ደረሰላት በል ይነገራልና። ከሁለቱ አንዱ በትርጉም ወይም በመዝገብ አያያዝ ሲጠፋ የሚተርፈው ግማሽ ታሪክ ነው፤ አዘውትሮ የሚጠፋውም የኋለኛው ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን የጠፋ ግማሽ በምሥራቅ ሱዳን ድንበር፣ በገዳሪፍ ግዛትና መንደር 8 በሚባለው ስፍራ ዙሪያ ይከተለዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተሰጥተዋል።

ስማቸው ቁጥር የሆነ መንደሮች

መንደር 8 ሱዳን በላይኛው አትባራና በሰቲት ወንዞች ላይ ግድብ ስትሠራ ከመሬታቸው ለተነሡ ሰዎች ካሰናዳቻቸው የሠፈራ መንደሮች አንዱ ነው። ግድቦቹ የተመረቁት በ2017 ነው። ሰቲት የሚባለው ወንዝ ከድንበሩ ወዲህ ተከዜ ነው፤ ስለዚህ መንደሩን የወለደው ውኃ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ውኃ ነው። ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎችን ከማስተናገዱ አስቀድሞም መንደሩ የተነሺዎች መንደር ነበረ ማለት ነው።

በዚህ አገር ቁጥር የመንደር ስም ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የአስዋን ታላቅ ግድብ ምድራቸውን የዋጠባቸው የዋዲ ሐልፋ ኑቢያውያን በ1964 ወደ ኻሽም አልጊርባ ሲዛወሩ፣ 50 ሺህ ያህል ሰው በቁጥር በተሰየሙ መንደሮች ሠፈረ። ስፍራውም አዲስ ሐልፋ ተባለ። በኢትዮጵያ በኩል የመተከሏ ፓዊ ለአማርኛ አንባቢ ትዝ ትላለች፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከድርቅ አካባቢዎች የተወሰዱ ሰዎች የሠፈሩባቸው የጣና በለስ መንደሮች እስከ ዛሬ በቁጥራቸው ይጠራሉ። «የት ተወለድሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልሷ ቁጥር የሆነ ትውልድ እዚያም እዚህም አለ። መንደር 8 ዕጣው ከፓዊም ከአዲስ ሐልፋም ይለያል፤ ቁጥሩ ስም ሆኖ ሳይረጋ ሌላ ስደት መጣበት።

ጦርነቱ ኅዳር 4 ቀን 2020 በትግራይ ተጀመረ። ቀናት ሳይቆጠሩ ከሁመራ፣ ከማይካድራና ከአካባቢያቸው የተነሣው ሕዝብ በሁለት በኩል ወደ ሱዳን ፈሰሰ፤ በሐምዳይት ተከዜን እየተሻገረ ወደ ከሰላ ግዛት፣ በሉግዲ በኩል ደግሞ በየብስ ወደ ገዳሪፍ ግዛት። በሉግዲ የገባው ሕዝብ መሸጋገሪያ የሆነው መንደር 8 ነው። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ሰው ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ ሆኖ ነበር። ከመንደር 8 ሰዎቹ መጀመሪያ ወደ ኡም ራኩባ፣ ከጥር 2021 ጀምሮ ደግሞ ወደ ቱናይድባህ ተወሰዱ።

ኡም ራኩባ ስትተነተን የምታስደንቅ ስም ናት። ራኩባ በሱዳን አረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ጥላ ነው፤ ኡም «እናት» ሲሆን በቦታ ስም ውስጥ ግን «ያላት፣ ያለባት» ማለት ይሆናል። ወደ አማርኛ ቢመጣ «ዳስ ያለባት» ይባል ነበር። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ዳስ ለሠርግና ለለቅሶ የሚጣል፣ ጎረቤት ተጠራርቶ የሚያቆመው፣ ዕንጨቱም ክዳኑም ከየቤቱ የሚዋጣ ነው። ኡም ራኩባን በ2020 የረገጡ አንዳንድ አረጋውያት ግን ስሟን የሚያውቁት ከትርጉሟ አይደለም፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻና ከ1980ዎቹ ስደት ነው።

አንድ መንገድ፣ ሦስት ትውልድ

የሁመራና የገዳሪፍ ቆላ በአንድ የእርሻ ታሪክ የተሳሰረ ነው። በገዳሪፍ የትራክተር እርሻ የተጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ እንግሊዞች ለሠራዊታቸው ማሽላ በፈለጉ ጊዜ ነው። በሁመራ የሰሊጥ እርሻ የገነነው በ1960ዎቹ ነው። ሁለቱም በክረምት ከደጋ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ስለ ሠራተኛው ሲወራ ማጭድ የያዘው ወንድ ይታወሳል። ከእርሱ ጋር የወረደችው እንጀራ ጋጋሪ፣ ጠላ ጠማቂና ቡና አፍይ ሴት በእርሻ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አትገኝም። ኋላ በስደት ዘመን መንገዱን፣ ቋንቋውንና ደንበኛውን አስቀድማ ታውቅ የነበረችው ግን እርሷ ናት። በገዳሪፍ ከተማ ዳርቻ ባለችው የተዋዋ ሠፈርም ሆነ በከተማዋ ጎዳና በሻይና በቡና ሽያጭ የሚተዳደሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች የዚያ የቆየ መንገድ ተከታዮች ናቸው።

የትውልዱን ሒሳብ ለማየት በ1970 ገደማ በትግራይ ደጋ የተወለደችን ሴት ዕድሜ ከዓመታቱ ጋር ማስተያየት ይበቃል። በ1984 መጨረሻ ረሃቡ ሲከፋ 14 ዓመቷ ነው። በዚያ ጊዜ ማኅበር ረድኤት ትግራይ ያደራጀው ጉዞ 200 ሺህ ያህል ሰው ወደ ሱዳን አወጣ፤ የአውሮፕላን ድብደባ ስለሚፈራ ጉዞው በአብዛኛው የሌሊት ነበር። ከድንበሩ አቅራቢያ ወድ ከውሊ በተባለው ጣቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተጠራቀመ፤ ኩፍኝና ተቅማጥ በተለይ ሕፃናቱን ፈጀ። በ1985 የጸደይ ወራት፣ ለዘር ይድረሱ ተብሎ፣ ከ50 ሺህ በላይ የሚሆኑት በእግራቸው ተመለሱ። በሁለት ዓመት ውስጥም አብዛኛው ተመለሰ።

ያልተመለሱትም ነበሩ። እነርሱ በሳፋዋና በሌሎች ጣቢያዎች ቆይተው በ1993 ሲመለሱ የሠፈሩት በትውልድ ደጋቸው ሳይሆን በሁመራ ቆላ፣ በማይካድራ፣ በራውያንና በዓዳባይ ነው። ይህን መመለስ በዓዳባይ ተቀምጣ ያጠናችው አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ሎራ ሐመንድ በ2004 ባሳተመችው መጽሐፍ ያስረዳችው ዋና ነገር፣ ለነዚህ ሰዎች «አገር መግባት» ወደ ነበረ ቤት መመለስ ሳይሆን ቤት ያልነበረን ስፍራ ቤት ማድረግ እንደ ነበረ ነው። ሴቲቱ በዚያን ጊዜ 23 ዓመቷ ነው። በ2020 ደግሞ 50 ዓመቷ፤ ልጆች ያደረሰች፣ ምናልባትም የልጅ ልጅ ያየች።

በኅዳር 2020 በማይካድራ የተፈጸመው የሰላማዊ ሰዎች ጭፍጨፋና ከዚያ የተከተለው በቀል አማራውንም ትግሬውንም በየተራ ቤቱን አስለቅቋል። ስለ እርሱ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ እዚህ አይደገምም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ በ1993 ከገዳሪፍ ጣቢያዎች ወጥተው ማይካድራን ቤት ካደረጉት ሴቶች መካከል በመንደር 8 በኩል እንደ ገና ወደ ገዳሪፍ የገቡ ነበሩ። የመጀመሪያውን ጊዜ በእናታቸው ጀርባ ወይም በእናታቸው እጅ ተይዘው፤ ሁለተኛውን ራሳቸው እናትና አያት ሆነው።

የግሱ ጉዞ

«ደረሰ» መጀመሪያ የመንገድ ግስ ነው፤ መንገደኛ ካሰበበት ሲገባ ደረሰ ይባላል። ከዚያ ወደ እርሻ ይገባል፦ እህል ደረሰ። ኅዳር በሁመራ ቆላ ማሽላው የሚደርስበት ወር ነው፤ በ2020 ጦርነቱ የመጣው በአጨዳ ላይ ነውና ብዙ ማሽላ ደርሶ ሳይሰበሰብ ቀርቷል። ከዚያ ወደ ሰው ዕድሜ፦ ልጅ ደረሰ፣ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። ከዚያ ወደ ዕጣ፦ እቁብ ደረሰኝ። ከዚያ ወደ ሐዘን፦ ለቅሶ መድረስ። ቤት የሚያፈርሰውን ድንገተኛ ጎርፍም ደራሽ ይለዋል። ለመከራና ለረድኤት በእኩል የሚያገለግለው ግስ ይህን ሁሉ ስለተሸከመ ነው፤ ክፉም ደግም ከሰው ዘንድ የሚመጣው በመንገድ ነው የሚል አስተሳሰብ በውስጡ አለ።

ብና ል በሌሎች ግሶችም እንዲሁ ይሠራሉ፤ ፈረደብኝና ፈረደልኝ፣ መሰከረብኝና መሰከረልኝ፣ ዘነበብኝና ዘነበልኝ። ብ ሁልጊዜ ለጉዳት አትሆንም፤ «ቢላዋውን ቆረጠበት» ሲባል መሣሪያን፣ «ወንበሩን ተቀመጠበት» ሲባል ቦታን ታመለክታለች። ሰው ባለበት አረፍተ ነገር፣ በተለይም ተራኪዋ ስለ ራሷ በምትናገርበት ጊዜ ግን ሚዛኑ ወደ ጉዳት ያጋድላል። «ሞተብኝ» ማለት «ሞተ» ማለት ብቻ አይደለም፤ ሞቱ በማን ላይ እንደ ወደቀ መናገር ነው።

በሕይወት ታሪክ ውስጥ የሁለቱ ቅጥያዎች ባለቤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የብ ባለቤት ብዙውን ጊዜ ሰው ያልሆነ ነው፤ ረሃብ፣ ጦርነት፣ በሽታ፣ ሌሊት፣ ክረምት። የል ባለቤት ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ስሙ የማይጠራ ብዙ ሰው፦ ደረሱልኝ፣ አቀፉልኝ፣ አጎረሱልኝ፣ ቀበሩልኝ። የጭንቅ ጩኸቱም «ድረሱልኝ!» ነው፤ ትእዛዙ በብዙ ቁጥር፣ ጥሪው ለማንም ነው። ተጠሪው ያልተለየ በመሆኑ የሰማ ሁሉ ይጠየቃል። በገጠር «ጩኸቷን ሰምተሽ እንዴት ዝም አልሽ?» መባል ከባድ ነቀፋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለትውልድ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ግን «ልጆቼ ደረሱልኝ» የሚለው አነጋገር ነው። ሁለት ትርጉም አለው፤ ልጆቼ አድገው ለመጦር በቁልኝ፣ ወይም በጭንቄ ሰዓት መጡልኝ። አውዱ ካልለየው በስተቀር አድማጭ የትኛው እንደ ታሰበ ላያውቅ ይችላል፤ ተራኪዋም ሁለቱን ለይታ ላታስበው ትችላለች። በእናቷ ጀርባ ወድ ከውሊ የገባች ልጅ ኋላ እናቷን ደግፋ ድንበር ስታሻግር ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቀን ይገናኛሉ። መዝገበ ቃላት እንደ ሁለት ትርጉም ቢለያቸውም በሕይወት ታሪክ ውስጥ አንድ ትርጉም ናቸው ማለት ይቀላል።

ከድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ቋንቋዎች በተለየ ሥርወ ቃል ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። ትግርኛ «በጽሐ» አለው፤ «በጺሑኒ» ደረሰብኝ ወይም ደረሰኝ፣ «በጺሖምለይ» ደረሱልኝ። በአማርኛ ከደረሰ «ድርሻ» እንደ ወጣ፣ በትግርኛም ከበጽሐ «ብጽሒት» ወጥቷል፤ ሁለቱም ለእያንዳንዱ የሚገባው ክፍል ናቸው። በአረብኛ «ወሰለ» ደረሰ ነው፤ ከዚሁ ሥር የሚገኘው «ሲላ» ደግሞ ዝምድናን መጠበቅ ነው። «ሲላት አርረሒም» የሚለው ሐረግ ቃል በቃል የማኅፀን ትስስር ሲሆን ዘመድን የመጠየቅና የመርዳት ግዴታ ስም ሆኗል። ረሒም ከሚለው ጋር የአማርኛውን «ማረ» እና የግዕዙን ምሕረት የሴም ቋንቋ አጥኚዎች በሥርወ ቃል ፊደላት መለዋወጥ ያገናኟቸዋል። በዚህ ከሄዱ የአራስ ጠያቂዋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እና ሱዳናዊቷ የምትጠብቀው የማኅፀን ግዴታ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ትግርኛ በአንድ ነገር ይለያል። አማርኛ ጉዳትን በብ ለይቶ ሲያመለክት፣ ትግርኛ ብዙ ጊዜ በተራው የተሳቢ ቅጥያ ይገልጸዋል። «ጠፊኡኒ» ያለች የትግርኛ ተናጋሪ በአማርኛ «ጠፋብኝ» ማለቷ ነው፤ ቅርጹን ብቻ የተከተለ አስተርጓሚ ግን «ጠፋኝ» ሊል ይችላል፤ «ጠፋኝ» ደግሞ በአማርኛ «አላስታወስሁትም፣ አላወቅሁትም» ወደሚል ያዘነብላል። ልጅ የጠፋባት እናትና ስም የጠፋት ሰው በአንድ ቅርጽ ሊጻፉ ነው ማለት ነው። በሁመራ ቆላ ብዙ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚናገር ተራኪዋ ራሷ ታርመው ይሆናል፤ ለማረም የሚያስችል ጊዜ ከተሰጣት።

ከመሬት ጋር የሚቀር፣ ከሰው ጋር የሚሄድ

መረዳዳት ሁሉ ድንበር አይሻገርም። በአማርኛ ተናጋሪው ገጠር ደቦና ወንፈል የሚታወቁ የሥራ ትብብሮች ናቸው። በደቦ ጠሪው ደግሶ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ብድሩ በቀን አይቆጠርም። በወንፈል ደግሞ ቀን በቀን ይመለሳል፤ ዛሬ ለአንቺ ያረምሁ ነገ ለእኔ ታርሚያለሽ። በትግርኛ ወፈራ፣ በሱዳን አረብኛ ነፊር አለ። ወፈራ ማልዶ ወደ እርሻ መውጣትን ከሚያመለክተው ወፈረ፣ ነፊርም መውጣትንና መትመምን ከሚያመለክተው ነፈረ የመጡ ናቸው፤ በድምፅ ቢቀራረቡም ዘመዳሞች ለመሆናቸው ማስረጃ የሚሆነው ድምፃቸው ሳይሆን ሐሳባቸው ነው፤ የጋራ ሥራ ከቤት መውጣት ነውና። (የአማርኛው ዘመቻ በ1970ዎቹ ከጦር ወደ ልማት መሻገሩ በሌላ ጊዜ የሚነሣ ጉዳይ ነው።) እነዚህ ሁሉ መሬት ይፈልጋሉ። የሚታረምና የሚታጨድ በሌለበት ጣቢያ ወንፈል የሚቆጠርበት ቀን የለም።

ከሰው ጋር የሚሄዱት የወሊድ፣ የሐዘንና የምድጃ መረዳዳቶች ናቸው፤ እነዚህም በአብዛኛው የሴቶች ናቸው። በኅዳር 2020 መንገድ ላይ የወለዱ ሴቶች ነበሩ። ለምጥ የሚያስፈልገው ማርያም ማርያም የሚል አፍና የሚይዝ እጅ ነው፤ ገንፎው ዱቄት ሲገኝ ይደርሳል። ለአራሷ የሚቀርቡት ሰዎች በደጋ መንደር ቢሆን ዘመዶቿ ነበሩ። በመሸጋገሪያ ጣቢያ ግን ማን እንደሚቀርባት የሚወስነው አጠገቧ የተኛው ሰው ነው። እዚህ ላይ የአጠራር ሥርዓቱ ሥራውን ይሠራል፦ በትግርኛ አደይ፣ በአማርኛ እማማና እትዬ፣ በሱዳን አረብኛ ኻልቲና ሐቦባ። ኻልቲ የእናት እኅት፣ ሐቦባ አያት ናት፤ ሁለቱም ለማያውቋት ሴት ይባላሉ። ሦስቱም ቋንቋዎች ባዕዷን በዝምድና ስም መጥራት ስለሚፈቅዱ አራስ ጠያቂ ለማግኘት ዝምድና መቁጠር አያስፈልግም፤ መጥራት ይበቃል።

ሐዘንም እንዲሁ ነው። ለቅሶ የሚደረሰው ሬሳው በሌለበትም ነው፤ መርዶ ከመጣ ለቅሶ አለ። መርዶ የሚነገረው ማልዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው፤ ብቻዋን ላለች ሴት መርዶ አይነገርም። ለስደት የሚያመቸው ይህ ሥርዓት ነው። ከባዱ ወሬ እስከማይመጣ ድረስ ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው ካልተሰበሰበም ወሬው ይዘገያል። የቀብር ወጪ የሚሸፍነው እድር በአብዛኛው በከተማ ያደገ ተቋም ስለሆነ ከገጠሬዋ ጋር የሚሄደው መዋጮው ሳይሆን መገኘቱ ነው፤ ውኃ መቅዳት፣ ቡና ማፍላት፣ ሦስት ቀን አብሮ መቀመጥ። በሱዳን በኩል ለዚህ መገኘት የተሰጠው ስም ዋጂብ ነው፤ ግዴታ ማለት ነው። ሰሌዳ ይዞ የሚቆጥረው ባይኖርም ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ ሴቶች ያውቁታል።

የምድጃው መረዳዳት በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህም በጣም ይዘልቃል። ምጣድ፣ ወንፊት፣ እሳት ይዋዋሳሉ። ተዋሰ ከሚለው ተዋዋሰ ሲወጣ መካከለኛው ፊደል የሚደገመው በከንቱ አይደለም፤ ድርጊቱ አንድ ጊዜ ብቻ የማይሆን፣ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ መሆኑን ይናገራል፤ እንደ ተረዳዳ፣ እንደ ተጠያየቀ። ከሚዋዋሱት ሁሉ ልዩ የሆነው እርሾ ነው። እርሾ የሌላት ሴት ከጎረቤት ጠይቃ ትወስዳለች፤ የወሰደችው ግን አይጎድልም፣ በማግስቱ ከራሷ ሊጥ ተቀንሶ ለሌላዋ ይተርፋል። የእርዳታ ማሽላ በተሰጠበት ጣቢያ እንጀራ የተጋገረው ከአንዷ ወደ ሌላዋ በሚሄድ እርሾ ነው። ሱዳናዊቷ ጎረቤትም በዚያው ማሽላ፣ በእርሾ ተቦክቶ በስስ የሚጋገረውን ኪስራ ታውቃለች። ቡናውም በሁለቱም በኩል ከጀበና ይቀዳል፤ ቃሉ ሳይቀር የጋራ ነው።

እቁብ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የሚጣል ገንዘብ ይፈልጋልና። ቃሉ ዐቀበ ከሚለው የግዕዝ ግስ ጋር ይሄዳል፤ የተጠበቀ ማለት ነው። የሱዳን ሴቶች ተመሳሳዩን ሥርዓት ሰንዱቅ ይሉታል፤ ሳጥን ማለት ነው። አንደኛው ቋንቋ ጠባቂውን፣ ሌላው ማስቀመጫውን አይቶ ሰየመ። ሻይ ሻጯ በገዳሪፍ ገበያ ለሁለቱም ልትጥል ትችላለች፤ ዕጣው ሲወጣ ግን የአማርኛ ተናጋሪዋ የምትለው «ደረሰኝ» ነው፤ ብም ልም የለበትም። የተደረሰው ቸርነት ሳይሆን ተራ ስለሆነ ነው።

በአማርኛ የሚተረክ ሌላ ስደት

መንደር 8 ሲነሣ በትግርኛ ተናጋሪዎች ብቻ እንዳይወሰን አንድ ነገር መጨመር ያሻል። በ2021 ክረምት 3 ሺህ ያህል ቅማንቶች ከጎንደር በኩል በግጭት ምክንያት ወደ ገዳሪፍ ግዛት፣ ወደ ጋላባት አካባቢ ተሻግረው ባሲንጋ በተባለ ስፍራ ሠፈሩ። ቅማንትኛ የአገው ቋንቋ ነው። በ1994 የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ነን ሲሉ በአፍ መፍቻነት ቋንቋውን የሚናገሩት 1,625 ብቻ ሆነው ተቆጥረዋል፤ የዘለዓለም ልየው የ2003 መጽሐፍም ቋንቋው ለአማርኛ ቦታውን እየለቀቀ መሆኑን በስፋት ያሳያል። ስለዚህ የባሲንጋ ሴቶች የሕይወት ታሪክ በአብዛኛው በአማርኛ የሚነገር፣ በብና በል የሚዋቀር ታሪክ ነው። ሁለቱ ስደቶች በተቃራኒ ወገን የተሰለፉ የፖለቲካ ትርክቶች አሏቸው፤ በሴቶቹ አነጋገር ግን የመከራው ባለቤት ሰው ያልሆነበት፣ የረድኤቱ ባለቤት ስሙ የማይጠራ ሰው የሆነበት ሥርዓት አንድ ነው። አፈናቃዩ ማን እንደሆነ በሚጠየቅበት መድረክ ይህ አነጋገር ለተራኪዋ ጉድለት ተደርጎ ሲቆጠር ይታያል፤ «ማን አደረገብሽ?» ተብላ «ጦርነት መጣብኝ» ትላለችና። ጥያቄው ግን ግማሽ ነው። «ማን ደረሰልሽ?» ቢባል ዝርዝሩ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

መዝገቡ የሚጥለው

የስደተኛ ምዝገባ ስም፣ ዕድሜ፣ የመጡበትን ቦታ፣ የቤተሰብ ቁጥርና የቤተሰቡን ኃላፊ ይጠይቃል። የምስክርነት ቃል የሚሰበስበው ደግሞ የደረሰውን በደል ይጠይቃል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ሁለቱም ለል ቦታ የላቸውም። በመንገድ ላይ ሕፃኑን ያቀፈችላት ሴት ከቤተሰቡ ቁጥር ውጪ ናት። በመንደር 8 በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ የእርዳታ ድርጅቶች አቅርቦት ሳይደራጅ፣ ካለው ላይ ያካፈለው የአካባቢው ነዋሪ በበደል ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ በደል አላደረገምና።

ችግሩ በጥሩ መጻሕፍትም ይታያል። በ1990 የታተመውና «ከማር የጣፈጠ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የትግራይ ሴቶች የምስክርነት መጽሐፍ ከዚህ አካባቢ የገጠር ሴቶች የሕይወት ታሪክ ከተሰበሰበባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ በጺሖምለይ «ረዱኝ» ወይም «መጡ» ከመሆን የተሻለ መውጫ የለውም። «ረዱኝ» የድርጅት ቃል ነው፤ የመንገዱን ርቀት፣ ጩኸቱን መስማቱን፣ ተራው የማን እንደሆነ አይናገርም።

ለቋንቋ አጥኚው ሥራው የተወሰነና የሚቻል ነው። የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ብና ል ከግሱ ተለይተው መሰየም አለባቸው፤ በነጻ ትርጉም ውስጥ ቢጠፉም በቃል ትንተናው ረድፍ ላይ ይቆያሉ። ባለቤታቸውም ይመዘገብ፤ ሰው ነው ወይስ አይደለም፣ አንድ ነው ወይስ ብዙ፣ ዘመድ ነው ወይስ በዝምድና ስም የተጠራ። የረጂው የግል ስም እንዲጻፍ መሻት ግን ተገቢ አይመስልም። በጦርነት ጊዜ የሌላውን ወገን ሴት የደበቀ ሰው በል ውስጥ ስሙ ሳይጠራ መቆየቱ መርሳት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ጥበቃም ነው። የአማርኛው «ደረሱልኝ» ባለቤቱን በብዙ ቁጥር ሸፍኖ የሚያቆየው ለዚህም ያገለግላል።

በሚያዝያ 2023 በካርቱም የተነሣው ጦርነት ደግሞ አስተናጋጆቹን አፈናቀለ። ከሱዳናውያኑ የተወሰኑት በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ሠፈሩ። በታኅሣሥ 2023 ወድ መደኒ ስትያዝ ከገዚራ የተነሣው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ ትምህርት ቤቶችም መጠለያ ሆኑ። በሱዳን ከተሞች ሠፈርተኛው በየአካባቢው የከፈታቸው የጋራ ማብሰያዎች ተካያ ይባላሉ፤ ስሙ መንገደኛ ከሚያበሉት ከሱፊ መኖሪያዎች የመጣ ነው። በትልልቁ ድስት ዙሪያ ከቆሙት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ከፀሐይ የሚከልላቸው፣ በእንጨትና በሣር የተሠራው ጥላ፣ ራኩባ ነው።